አንድ ልጅ በስድስት ገጽ ውስጥ እንዴት ያድጋል?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ብሎ ቆርጧል። ለአጭር ልብወለድ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። የ17 ዓመት ጎረምሳ ከታሪኩ መግቢያ እስከ መውጫው ያው እንደነበረ ሊቀር ይችላል፤ የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ወደማይገባበት ማዶ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የገጸባሕርይ ዕድገት ሲነሳ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ይህ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊያደርገው የማይችለውን ምን ነገር መጨረሻ ላይ አደረገ?

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ግን የሚጠይቀው «ምን ተማረ?» ብሎ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገርና ያልቃል። ድርጊት ግን ጊዜ፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ታሪኩን የሚሞላው እሱ ነው።

የማደግ ታሪክ ሥሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን ከተጻፉ ረጃጅም ልብወለዶች ይመዘዛል። እዚያ ልጁ ከቤት ይወጣል፣ ይማራል፣ ያፈቅራል፣ ይሳሳታል፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ጎልማሳ ሆኖ ይመጣል። በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ላለው ጸሐፊ ይህ ሁሉ ይቻላል። አጭር ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ግን በእጁ ያለው ከ2,000 እስከ 4,000 ቃል ነው። በዚህ ልክ አንድ መታጠፊያ ብቻ ይገባል፤ ሁለተኛ ከተጨመረ ሁለቱም ይሳሳሉ።

አሜሪካዊው የሥነጽሑፍ ምሁር ሞርዴካይ ማርከስ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ገጸባሕርይው በሚደርስበት ርቀት በሦስት ከፍሏቸዋል። በመጀመሪያው ዓይነት ልጁ ደፉ ላይ ይደርሳል፣ ያየውም ያናውጠዋል፣ ግን አይሻገርም። በሁለተኛው ይሻገራል፤ ከተሻገረ በኋላ ግን የቆመበትን አያውቅም። በሦስተኛው ተሻግሮ ራሱን ያውቃል፣ መንገዱን ይይዛል። ለጀማሪ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛው በስድስት ገጽ ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ ስብከት ሆኖ ያርፋል፤ ሰው በአንድ ሌሊት ሙሉ ለሙሉ ሌላ ሰው ሲሆን አንባቢ አያምንማ።

አካሄዱን ለመረዳት ደግሞ የባህል አጥኚው አርኖልድ ቫን ዤኔፕ በ1909 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይጠቅማል። ሰው ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሥርዓቱ ሦስት ክፍል አለው ይላል፦ መለየት፣ መሐል ላይ መቆየት፣ ተመልሶ መቀላቀል። ጎንደር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቆሎ ተማሪውን ማሰብ ይበቃል። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያን ጊዜ የማንም ቤት ልጅ አይደለም፣ ገና መምህርም አልሆነም። ዓመታት ቆይቶ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ሆኖ ሲመለስ አገሩ በሌላ ስም ይቀበለዋል። አጭር ልብወለድ ከሦስቱ መሐለኛውን ብቻ ነው የሚወስደው። መለየቱ በአንድ አንቀጽ ያልፋል፤ መቀላቀሉ አንዳንዴ ጨርሶ አይጻፍም። መሐሉ ግን፣ ልጁ የትኛውም ወገን ያልሆነበት ጊዜ፣ ቢያንስ ግማሹን ገጽ ይፈልጋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ታሪክ ከባዶ እንገንባ።

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ቀሃ አካባቢ እንበል። ዮናስ 13 ዓመቱ ነው። ውሃ ሌሊት ይመጣል፤ ቦኖው ጋ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ያድራሉ። ባለቤቶቹ ቤታቸው ተኝተዋል፤ ወረፋቸውን የያዘላቸው ጀሪካኑ ነው። እያንዳንዱ ምልክት አለው፦ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ በማርከር የተጻፈ ስም፣ የእማማ ዘነቡ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጥለት።

መጀመሪያ ማስፈር ያለበት ልማዱ ነው። ዮናስ የእማማ ዘነቡን ጀሪካን ወደ ኋላ ገፍቶ የራሱን በቦታው ያስገባል። ማንም አላየውም። ውሃው የእሳቸው ተራ ሳይደርስ ይቆማል። ሞልቶ ቤት ሲገባ እናቱ «የኔ ጀግና!» ትለዋለች። ይህ ትዕይንት 500 ቃል ገደማ ይበቃዋል፤ ሁለት ነገር ግን በግልጽ መያዝ አለበት። አንዱ የድርጊቱ ዝርዝር ነው፦ ጀሪካኑን በእግሩ ነው የገፋው ወይስ በእጁ አንስቶ? ድምፅ ላለማሰማት ምን አደረገ? ጥለቱን ላለማየት ፊቱን አዞረ? ሁለተኛው ከድርጊቱ ያገኘው ጥቅም ነው፤ እዚህ ላይ ከውሃው ይልቅ የእናቱ ቃል ይበልጣል። በኋላ የሚከፍለው ዋጋ ከዚህ ነው የሚቀነሰው። ያልሰጡትን ነገር ከገጸባሕርይ መንጠቅ አይቻልም፤ የብዙ ታሪክ መጨረሻ የሚቀዘቅዘውም መጀመሪያ ላይ ገጸባሕርይው የሚሳሳለት ነገር ስላልተሰጠው ነው።

ቀጥሎ መሐሉ ይመጣል። በነጋታው እናቱ ለእማማ ዘነቡ እንጀራ አድርስ ብላ ትልከዋለች። እሳቸው ቡና እያፈሉ ነው፤ ካልጠጣህ አትሄድም ይሉታል። አቦሉን ቀድተው ሲሰጡት ሲኒው እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። ከዚያ ጀበናውን ሊያጠጡ ጣሳውን ያነሳሉ፤ ያዘነብሉታል፤ መልሰው ያስቀምጡታል። «ዛሬ ቶናም የለ፣ ልጄ። ውሃ ሳልይዝ ነጋብኝ» ይላሉ። ሌላ ነገር አይናገሩም። አልከሰሱትም፣ አልጠረጠሩትም፣ ማን ቀደመኝ ብለውም አልጠየቁም። ለአማርኛ አንባቢ ቡና በአቦል ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ ቶናና በረካ የሌለው ቡና የተቆረጠ ጨዋታ ነው። ዮናስም ያውቀዋል። በትዕይንቱ ውስጥ «ጸጸት» የሚል ቃል አንዴም መግባት የለበትም፤ የተጫነውን ሲኒ በሁለት እጁ ይዞ መጨረስ ያቃተው ልጅ ራሱ በቂ ነው። 900 ቃል ቢወስድ አይበዛም። የታሪኩ ልብ ይህ ነው፤ እዚህ መቻኮል አያዋጣም።

ከዚያ ያው ድርጊት ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል፣ ግን ከብዶ። በማግስቱ የታናሽ እህቱ የክርስትና ድግስ ነው። ውሃው የግድ ነው። ጀሪካኑ ዘጠነኛ፣ ጥለቱ ያለበት ስምንተኛ። ሌሊት ነው፣ ብቻውን ነው፣ ውሃው እየቀጠነ ነው። ፈተናው ከበፊቱ የበለጠ መሆን አለበት፤ እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ልጁ አደገ ለማለት ማስረጃ የለንም። ዮናስ የእማማ ዘነቡን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ያቆማል። እስኪሞላ ይጠብቃል። ውሃው ይቆማል። ባዶ ጀሪካን ይዞ ቤት ሲገባ እናቱ «እንቅልፍህን ስትለጥጥ አደርክ አይደል?» ትለዋለች።

«አዎ፣ እማዬ።»

ታሪኩ እዚህ ሊቆም ይችላል። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ እየዋሸ ነው። መጀመሪያ በዝምታ የሰው ተራ ሰርቆ ጀግና ተባለ፤ አሁን በውሸት የራሱን ስም አሳልፎ ሰጠ። ንጹሕ አልሆነም። ከእናቱ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ሆኗል፤ ያም አንድ የማደግ መልክ ነው። ማርከስ ሁለተኛው ብሎ የመደበው ዓይነት ይህ ነው፦ ተሻግሯል፣ ግን መሬቱ ገና አልጸናለትም።

አንዳንድ ጸሐፊ እዚህ ላይ ዮናስ እማማ ዘነቡ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ እንዲወድቅ ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባናል፤ ይቅርታ በባህላችን ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ጉዳት አለው። እሳቸው ይምሩታል፣ ይመርቁታል፣ ዕዳው ይዘጋል፣ ልጁ ምንም ሳይከፍል ይወጣል። ዋጋ ያልተከፈለበት ለውጥ አንባቢ ዘንድ አይቆይም።

ማን ያየዋል፣ እንዴት ይጠራል

አንጻር ከመምረጥ በፊት አንድ ነገር መለየት ያሻል፦ የሚተርከው ልጁ ነው ወይስ ያደገው ሰው ወደ ኋላ እያየ? በአንደኛ መደብ የሚጻፉ የልጅነት ታሪኮች አብዛኞቹ የሚበላሹት ትልቁ ሰው በልጁ አፍ ሲገባ ነው። «ያኔ አልገባኝም እንጂ…» ተብሎ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ልጁ ገና ሊደርስበት ያለውን ነገር ቀድሞ ያፈርጠዋል። ይህ ሐረግ በታሪኩ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ካለ፣ ወይ ሦስተኛ መደብ ውሰዱ ወይ ሐረጉን አውጡ።

በሦስተኛ መደብ ሲጻፍ ደግሞ አማርኛ አንድ ትልቅ መሣሪያ ይሰጣል፤ ግሱ ራሱ አክብሮትን ይሸከማል። ታሪኩ ከዮናስ ዓይን የሚታይ ከሆነ ተራኪው «እማማ ዘነቡ ጣሳዋን አነሳች» ማለት አይችልም። ለልጁ «እሳቸው» ናቸው፣ «አነሱ» ነው። «አነሳች» ባለ ቅጽበት ካሜራው ከልጁ ትከሻ ተነስቶ ሌላ ትልቅ ሰው ላይ አርፏል፤ አንባቢው ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛባ ይሰማዋል። ረቂቁን ስታነቡ የትልልቅ ሰዎችን ግሶች ሁሉ በዚህ መንገድ ፈትሹ።

አጠራርም እንዲሁ ዕድገትን ሊያሳይ ይችላል። ትናንት «አንተ ማሙሽ፣ ና እስቲ» ይሉት የነበሩ ጎረቤት ዛሬ «ዮናስ» ብለው ከጠሩት፣ ወይም ሴቶች ወረፋ ላይ ሆነው ሲያወሩ እሱ ሲመጣ ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ፣ ሰፈሩ ልጁን ከልጅ መዝገብ አውጥቶታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ያለማብራሪያ።

ንግግርን በተመለከተ፣ የ13 ዓመት ልጅ ምልልስ አጭር ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረው መልሱ «እሺ»፣ «አይ»፣ «አላውቅም» ነው፤ ከእኩዮቹ ጋ ሲሆን ብቻ ይረዝማል። ልጁ ሦስት መስመር የሚሞላ የተስተካከለ ሐሳብ ከተናገረ እየተናገረ ያለው ጸሐፊው ነው።

መቼት

ጎንደርን መቼት ያደረገ ታሪክ ሲጻፍ የፋሲል ግቢ በሁለተኛው ገጽ ይመጣል፣ ጥምቀት በአራተኛው። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው፤ ግን ሥራ ሳይሰጣቸው ከገቡ ለልጁ የሚገባውን ቦታ ይበሉበታል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ቦታውን ከታሪኩ ብታወጡት የሚፈርስ ነገር አለ? በዮናስ ታሪክ ለምሳሌ የጥምቀት ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላ መሆኑ ትርጉም አለው። ታሪኩ ጥር መጀመሪያ ላይ ከዋለ ልጁ በቀን የሚሞላውን ገንዳ አይቶ ማታ ባዶ ጀሪካን ጋ ሊያድር ይችላል። ይህ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ አስተያየት ካለፈ ነው ኃይሉ። ስለ ነገሥታቱ ታሪክ አንቀጽ ከተጨመረበት ታሪኩ የጉብኝት መጽሔት ይሆናል።

አንድን ቦታ ሁለቴ መጎብኘት ሦስት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመጎብኘት ይሻላል። ቦኖው ያው ቦኖ ሆኖ ልጁ ሲለወጥ ልዩነቱ ያለማስረዳት ይታያል። ከአራት የማይበልጡ ሰዎች፣ ከሁለት የማይበልጡ ቦታዎች፣ ከጥቂት ቀናት የማይበልጥ ጊዜ። ከዚህ ሲያልፍ ጽሑፉ ታሪክ መሆኑ ይቀርና የሚሆነውን መዘርዘር ይጀምራል።

ምን ያበላሸዋል?

ትልቁ ጥፋት «ከዚያን ቀን ጀምሮ» ብሎ የሚጀምረው የመጨረሻ አንቀጽ ነው። ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ተረት በምክር ይዘጋል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። በትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍም ማጠቃለያ ላይ ቁምነገሩን እንድናስቀምጥ ተምረናል። አጭር ልብወለድ ግን ቁምነገሩን አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ይተውለታል፤ ጸሐፊው ከቀደመው አንባቢው ሥራ ፈትቶ ይቀራል። መፍትሔው ጭካኔ ይፈልጋል፦ የመጨረሻውን አንቀጽ ሸፍናችሁ ታሪኩን አንብቡት። ቆሞ ከሄደ አንቀጹ ይውጣ። ካልቆመ ደግሞ ጉድለቱ ያለው መጨረሻው ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ ነው፤ የቡናው ትዕይንት ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠቢብ ሽማግሌው ነው። ልጁ ግራ ሲገባው አንድ አባት ይመጡና በምሳሌያዊ አነጋገር መንገዱን ያሳዩታል። ሽማግሌ በታሪክ ውስጥ መኖሩ አይጎዳም፤ መፍትሔውን ሲሰጥ ነው የሚጎዳው። ምክሩ የተሳሳተ ወይም ለሌላ ዘመን የተሠራ ከሆነ ግን ልጁ ራሱ ለመወሰን ይገደዳል፤ ያኔ ሽማግሌው ለታሪኩ በጎ ሥራ ሠሩ።

ወላጅን በሞት መውሰድም ቶሎ የሚመጣ መንገድ ነው። ሞት ልጁን ያስለቅሰዋል፣ ያስቸግረዋል፤ በራሱ ግን አያሳድገውም። ዕድገቱ ያለው ከቀብር በኋላ ነው፤ ድንኳኑ ሲነሳ፣ የዕድር ዕቃ ሲመለስ፣ ልጁ የአባቱን ጫማ ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን። ሞቱን ከታሪኩ በፊት አድርጉትና ከጫማው ጀምሩ።

ሕልም፣ ድንገተኛ ሎተሪ፣ በአንድ ንግግር የሚጸጸት ክፉ ሰው — እነዚህ የገጸባሕርይውን ምርጫ ይነጥቁታል፤ ሌላ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።

ክለሳ

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ እርሳስ ይዛችሁ «ገባው»፣ «ተረዳ»፣ «ተገነዘበ»፣ «ተማረ»፣ «አወቀ» የሚሉትን ግሶች ሁሉ አክብቡ። በ2,500 ቃል ታሪክ ውስጥ አንድ ቢቀር ይበቃል። የተቀሩትን እጅ፣ ዓይን፣ ዕቃ ወይም ዝምታ በሚያሳይ ድርጊት ተኩ። ለምሳሌ «ዮናስ ስህተቱን ተረዳ» የሚለው ቦታ ላይ «ዮናስ ጥለቱን ፈትቶ ጠበቅ አድርጎ አሰረው» ቢገባ ያው ነገር ተባለ፣ አንባቢውም አየው።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በግራ የመጀመሪያውን ትዕይንት ዮናስ፣ በቀኝ የመጨረሻውን ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያምናል፣ ምን አይታየውም፣ ምን ሊያጣ ይችላል። አራቱም መስመሮች ተቀይረው ከሆነ ለውጡ በዝቷል፣ አንባቢ አያምንም። አንድም ካልተቀየረ ታሪክ የለም። አንድ ወይም ሁለት መስመር ሲቀየር ልኩ ነው። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የልጁ ንግግር አፍ ላይ የሚከብድበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳንዴ ታሪኩ ሁለት «የመጀመሪያ ጊዜ» ይዞ ይገኛል፤ የመጀመሪያ ስርቆትና የመጀመሪያ ፍቅር፣ ወይም ወረፋውና ፈተናው። ለማስታረቅ አትልፉ፣ ለዩአቸው። ዮናስን አምስት ዓመት ወደፊት ወስዳችሁ ለሌላ ታሪክ አስቀምጡት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ይፈተናሉ፤ ከቤት መውጣቱ፣ ከማያውቁት ልጅ ጋ በአንድ ክፍል ማደሩ፣ ተመልሶ ውጤት መጠበቁ ቫን ዤኔፕ የዘረዘራቸውን ሦስቱንም ይዞ የተዘጋጀ ነው። በዚያ ታሪክ መሐሉ የዶርሙ ሌሊት ነው፤ መጻፍ የሚጀመረውም ከአልጋው ነው፣ ከላይኛው ወይስ ከታችኛው የሚለው ከተወሰነ በኋላ።